ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ፣ ኖራና ጄሶ፦ ልዩነታቸውን ለይቶ ለየቦታቸው የመምረጫ መመሪያ

ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ከሚያፈስባቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ መነሻቸው ከመሬት የተቆፈረ አፈርና ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ይሠራል፤ ሴራሚክ ከሸክላ አፈር፣ ከአሸዋና ፌልድስፓር ከሚባል ማዕድን ይዘጋጃል፤ ጄሶ ከጂፕሰም ድንጋይ ይወጣል፤ ጡብም የዚያው የሸክላ አፈር ውጤት ነው። ልዩነታቸው የሚጀምረው ምን አጠነከራቸው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። አንዱን የሚያጠነክረው እሳት ነው፣ ሌላውን ውሃ፣ ሌላውን አየር፤ ጭቃ ደግሞ ውሃው ስለተነነለት ብቻ ይደርቃል። ይህን የለየ ሰው የትኛው ዕቃ ለየትኛው ቦታ እንደሚሆን፣ በምን እንደሚጣበቅ፣ በምን እንደሚታጠብና ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን ራሱ ሊፈርድ ይችላል። የሚከተለው መመሪያ በአገራችን ከተሞች መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ወይም ለሚያድስ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ሲሚንቶን የሚያጠነክረው ውሃ ነው

ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ተፈጭተው እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላሉ። ከእቶኑ የሚወጣው ክሊንከር የተባለ ጠጠር መሰል ነገር ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ተፈጭቶ የምናውቀው ግራጫ ዱቄት ይሆናል። ጂፕሰሙ የሚጨመረው ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው ወዲያው እንዳይዝ ነው፤ ባይጨመር ኖሮ ግንበኛው ማንኪያውን ሳያነሳ ቡኮው ይጠነክርበት ነበር። ሙገር፣ ደርባና ዳንጎቴ ፋብሪካዎቻቸውን በሙገር ሸለቆ አካባቢ ያቋቋሙት የኖራ ድንጋዩ እዚያው በብዛት ስላለ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ የሥራ ቦታዎች የሚታይ አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። የሲሚንቶው ቅንጣት ከውሃው ጋር ኬሚካላዊ ውህደት ፈጥሮ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ አዲስ ማዕድን ስለሚሆን ነው የሚጠነክረው፤ ውህደቱ ደግሞ ለቀናትና ለሳምንታት ይቀጥላል። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ሥራው በመሀል ይቋረጣል፣ ኮንክሪቱም ላዩ ደርቆ ጥንካሬው በግማሽ መንገድ ይቀራል። ስለዚህ አርማታም ሆነ ልስን ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት፣ ፒፒሲ በተባለው፣ ከታች በሚብራራው የሲሚንቶ ዓይነት ከተሠራ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀናት ሳያቋርጡ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ፊት በቂ አይደለም። የጣሪያ አርማታውን በእርጥብ ጆንያ ወይም በፕላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት ውሃም ድካምም ይቆጥባል። በእኔ አመለካከት በቤት ሥራ ውስጥ በጣም ትንሽ ወጪ ጠይቆ በጣም ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ተግባር ይኸው ውሃ ማጠጣት ነው፤ ነገር ግን ማንም በደረሰኝ ስለማይጠይቅበት በቀላሉ ይዘነጋል።

ገበያ ላይ ኦፒሲና ፒፒሲ የተባሉ ሁለት ዓይነቶች በስፋት ይገኛሉ። ኦፒሲ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ክሊንከር ሲሆን በፒፒሲ ውስጥ ግን የተወሰነው ክሊንከር ፑሚስ በተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል። ከረጢቱ ላይ የሚታተመው 42.5 ወይም 32.5 የሚለው ቁጥር፣ ሲሚንቶው ከደረጃውን ከጠበቀ አሸዋ ጋር ተቦክቶ በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ ሲፈተን ቢያንስ ስንት ሜጋፓስካል ግፊት እንደሚሸከም ያመለክታል። ለምሶሶ፣ ለጣሪያ አርማታና ቅርጽ ማስያዣው ቶሎ እንዲነሣ ለሚፈለግበት ሥራ 42.5 ኦፒሲ ይመረጣል። ለልስን፣ ለብሎኬትና ለድንጋይ ግንብ፣ ለሊሾም ፒፒሲ ይበቃል፤ እንዲያውም ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነና ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ለልስን የተሻለ ነው። ለልስን ኦፒሲ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያላስፈላጊ ወጪ ነው፤ በአንጻሩ መሐንዲሱ 42.5 ብሎ በጻፈበት ምሶሶ ውስጥ 32.5 መጨመር የቤቱን ደኅንነት መቀነስ ነው።

ሲሚንቶ ሲገዙ ከረጢቱ ላይ የታተመውን የምርት ቀን ይመልከቱ። ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠ ሲሚንቶ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ጥንካሬው ይቀንሳል። እጅዎን ወደ ከረጢቱ ውስጥ ቢያስገቡ ደኅናው ሲሚንቶ ቀዝቀዝ ያለና እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ጓል ካገኙ ከረጢቱ ተደራርቦ ስለተጫነ ሊሆን ይችላል፣ በጣት የማይፈርስ ጓል ግን ሲሚንቶው ውሃ አግኝቶ ሥራውን እንደጀመረ ያሳያል፤ እንዲህ ያለውን አይውሰዱ። ቤትዎ ውስጥም ከወለሉ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራርቡ ያስቀምጡ። ዋጋው በኩንታል ሲነገርዎ አንዱ ኩንታል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት መሆኑን አይዘንጉ።

ስለ ልኬት ጥቂት ልበል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት የእንጨት መለኪያ ሳጥን ውስጡ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶን ይዘት ያህላል ማለት ይቻላል። ለተራ አርማታ የተለመደው ልክ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ሲሆን ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይቀነሳል። ለልስን አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ሲቦካ፣ አንድ ከረጢት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወደ 7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ልስን ያወጣል። ቡኮው እንዲቀጥን ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ውሃ ሥራውን ያቀላል፤ በኋላ ሲተን ግን የያዘውን ቦታ ባዶ ቀዳዳ አድርጎ ይሄዳል፣ ኮንክሪቱም ደካማና ውሃ አሳላፊ ይሆናል። መያዝ የጀመረ ቡኮ ላይ ቆይቶ ውሃ ጨምሮ ማደስ ደግሞ መቆላለፍ የጀመረውን ማዕድን እንደገና መበጣጠስ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ያስቦኩ።

አሸዋውንም ይፈትኑ። ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋ እስከ ግማሽ ሞልተው ውሃ ይጨምሩበትና በደንብ አናውጠው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። አሸዋው ከታች፣ አፈሩ ከላዩ ተለይቶ ይረጋል። የአፈሩ ውፍረት ከአሸዋው ውፍረት ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ አሸዋው ሳይታጠብ ለአርማታ መዋል የለበትም፤ አፈሩ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይጨብጣቸው ያደርጋልና።

ሴራሚክ በእቶን ያለቀ ዕቃ ነው

ሳይተኮስ ውሃ ውስጥ የገባ የሸክላ ጀበና ይሟሟል፤ ከተተኮሰ በኋላ ግን ዘመኑን ሁሉ ውሃ ቢፈላበት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። የሴራሚክም ምሥጢር ይኸው ነው። ጥሬ ዕቃው ተፈጭቶ በከባድ ማተሚያ ይጫናል፣ ይደርቃል፣ ላዩ ላይ መስታወት የሚሆን ቅብ ይደረግበትና ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይተኮሳል። በዚህ ሙቀት ፌልድስፓሩ ቀልጦ በቅንጣቶቹ መካከል ስለሚገባ ሲቀዘቅዝ መስታወት ሆኖ ያያይዛቸዋል። የመታጠቢያ ሳህንና የሽንት ቤት መቀመጫም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በአገራችን በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ነው።

እንግዲህ ሲሚንቶ ወደ ሥራ ቦታ የሚመጣው ሳይጠነክር ነው፤ የመጨረሻ ጥራቱ ግማሽ በፋብሪካው፣ ግማሽ በእርስዎና በግንበኛው እጅ ነው። ሴራሚክ ግን ጥራቱ በእቶኑ አብቅቷል፤ እርስዎ የሚያደርጉት መምረጥና በትክክል ማንጠፍ ብቻ ነው። በመሆኑም በሲሚንቶ ላይ ጥንቃቄው ከግዢ በኋላ ሲበዛ፣ በሴራሚክ ላይ ጥንቃቄው ከግዢ በፊት ይበዛል።

ሴራሚክ የሚለየው በዋናነት በሚመጠው የውሃ መጠን ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ ውሃ ሊመጥ ይችላል፤ የተለመደው የወለል ሴራሚክ ከመቶ ከ3 እስከ 6 እጅ ይመጥጣል፤ ፖርስሊን የሚባለው ግን ከመቶ ግማሽ እጅ አይበልጥም። ሻጩ የሚለውን ለማረጋገጥ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሴራሚኩን ገልብጠው በጀርባው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ያድርጉ። ጠብታው ወዲያው ተመጥጦ ጠቆር ያለ ምልክት ከተወ የግድግዳ ዓይነት ነው፤ ለብዙ ደቂቃ እንዳለ ከቆየ ፖርስሊን ነው። ቀጥሎ አንዱን በጣት አንጠልጥለው በሌላው እጅ የጣት አንጓ መታ መታ ያድርጉት፤ በደንብ የተተኮሰው ጥርት ያለ ድምፅ ሲያወጣ፣ የተሰነጠቀው ወይም በቂ እሳት ያላገኘው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻም ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመው ጠርዛቸውን ይመልከቱ፤ በመካከላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ከታየ ሴራሚኩ ጎብጧል፣ ሲነጠፍም አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ማለቱ አይቀርም።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፉ ቁጥሮችም ይነበባሉ። ፔኢአይ የሚባለው ደረጃ መስታወታማው ሽፋን በእግር መፋቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል፤ 1 እና 2 ለግድግዳና በባዶ እግር ለሚገባበት ክፍል፣ 3 ለመኝታ ቤትና ለመሰሉት፣ 4 ለሳሎን፣ ለወጥ ቤትና ለመተላለፊያ፣ 5 ለሱቅና ብዙ ሰው ለሚረግጠው ቦታ ነው። አር ከሚለው ፊደል ጋር ከ9 እስከ 13 የሚጻፈው ደግሞ ማንሸራተትን የመከላከል ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወለሉ ይይዛል። ለመታጠቢያ ቤት ወለል እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ፖርስሊን መግዛትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት በሚኖሩበት ቤት በሳሙና ውሃ ላይ የሚደርስ ውድቀት የጎድን አጥንትና የዳሌ ስብራት ያስከትላል፣ ለዚህ ጉዳት ደግሞ የሴራሚኩ ውበት ካሳ አይሆንም። ለመታጠቢያ ቤት ሸካራና ደብዘዝ ያለ ገጽ ያለውን፣ መጠኑም አነስ ያለውን ይምረጡ፤ መጋጠሚያው ሲበዛ እግር ይይዛል፣ ወለሉንም ወደ ፍሳሹ ለማዘንበል ይመቻል።

መጠኑን ሲያሰሉ ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ከሆነ ወለሉ 14 ካሬ ሜትር ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው ከመቶ 10 እጅ ሲጨመር 15.4 ካሬ ይሆናል፤ ባለ 60 በ60 ከሆነ 43፣ ባለ 40 በ40 ከሆነ 97 ሴራሚክ ማለት ነው። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ ተጨማሪው ወደ 15 እጅ ከፍ ይላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ ምክንያቱም አንዱ የእቶን ዙር ከሌላው በቀለምና በሚሊ ሜትር መጠን ይለያያል። በየካርቶኑ ጎን የታተመው የቀለምና የመጠን መለያ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጡ ዕቃውን መኪና ላይ አያስጭኑ።

ሁለቱ ሲገናኙ

አብዛኛው የሴራሚክ ችግር የሚፈጠረው በሴራሚኩ ውስጥ አይደለም፤ ሴራሚኩና ሲሚንቶው በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። ሲሚንቶ እየደረቀ ሲሄድ በትንሹ ይሸማቀቃል። ሴራሚክ አይሸማቀቅም፤ ውሃ የሚመጠው ዓይነት እንዲያውም በዓመታት ውስጥ እርጥበት እየሳበ በጣም በትንሹ ያብጣል። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ሲጎትት የሚያያይዛቸው ስስ ሽፋን ይላቀቃል፣ ወለሉም አንድ ቀን መሀሉ ላይ ከፍ ብሎ ይነሣል። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዲስ የተሠራ የሲሚንቶ ወለል ወይም ልስን ላይ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ሲሚንቶው ዋናውን መሸማቀቅ እንዲጨርስ 28 ቀን ያህል ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ በክፍሉ ዙሪያ ሴራሚኩና ግድግዳው እንዳይነካኩ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱን ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ጠባብ ሴራሚክ) ስለሚሸፍነው አይታይም። በሴራሚኮቹ መካከልም ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ያስፈልጋል። ያለ መጋጠሚያ ገጥሞ መንጠፍ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፣ ነገር ግን ወለሉ የሚተነፍስበትን ቦታ ይነሣዋል።

የማጣበቂያው ምርጫ በጠብታው ፈተና ላይ ይመሠረታል። ውሃ የሚመጠው ሴራሚክ በተለመደው የአሸዋና ሲሚንቶ ቡኮ ሊነጠፍ ይችላል፤ የቡኮው ውሃ ከነሲሚንቶው ወደ ጀርባው ቀዳዳዎች ገብቶ ይይዛልና። ነገር ግን በጣም ከመጠጠ ሲሚንቶው ለውህደቱ የሚያስፈልገውን ውሃ ይነጠቃል፣ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሴራሚክ አስቀድሞ በውሃ ተነክሮ፣ ገጹ ላይ ያለው ውሃ ጠፈፍ ሲል ይነጠፋል። ፖርስሊን ግን ቀዳዳ ስለሌለው ተራ ቡኮ የሚጨብጠው ነገር አያገኝበትም፤ መንከሩም ጥቅም የለውም። ለፖርስሊን በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ማያያዣ) የተጨመረበት የሴራሚክ ማጣበቂያ ግዴታ ነው። ዋጋው ከተራ ቡኮ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ውድ ፖርስሊን ገዝቶ በማጣበቂያው ላይ መቆጠብ ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ማጣበቂያው ጥርስ ባለው የብረት ማንጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ይሰመራል፤ ሴራሚኩ ከተቀመጠ በኋላ በመጠኑ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቅሶ በጎማ መዶሻ ይመታል፣ በውሃ ልክም ይረጋገጣል። በአራቱ ማዕዘንና በመሀል አምስት ጉብታ አድርጎ ሴራሚኩን መጫን በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ከጉብታዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ የወንበር እግር ወይም የተረከዝ ጫማ ሲያርፍ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ በመታጠቢያ ቤት ደግሞ ውሃ ይጠራቀምበታል። ሥራው ሲጠናቀቅ በሳንቲም እያንዳንዱን እየነኩ ይሂዱ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጡትን ባለሙያው ክፍያውን ሳይጨርስ አንሥቶ እንዲያስተካክል ይጠይቁ።

የተነሣ ሴራሚክ ሲያጋጥም ጀርባውን ማየት ብዙ ያስተምራል። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ወለሉ ላይ የቀረው ቡኮ እንደ መስታወት ልሙጥ ከሆነ፣ ፖርስሊን በተራ ሲሚንቶ ተነጥፏል ማለት ነው። የማንጠፊያው ጥርስ ያሰመራቸው መስመሮች ወለሉ ላይ ሳይደፈጠጡ እንደቆሙ ከሆነ፣ ማጣበቂያው ተሰምሮ ብዙ ስለቆየ ላዩ ደርቆ ነበር። ቡኮው በጣት ሲነካ እንደ አመድ የሚበተን ከሆነ ደግሞ ሴራሚኩ ወይም የታችኛው ወለል ውሃውን መጥጦበታል። ምክንያቱን ሳይለዩ እንደገና መለጠፍ ያንኑ ጥፋት መድገም ነው።

በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የሲሚንቶ መሙያ ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃ የሚከለክለው ሽፋን ከሴራሚኩ በታች፣ በወለሉና በግድግዳው ግርጌ ላይ አስቀድሞ መቀባት አለበት፤ ወለሉም በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ይህ ከተዘለለ ችግሩ የሚገለጠው በታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው፣ ያኔም ለመጠገን ሴራሚኩን ሁሉ ማፍረስ ግድ ይሆናል።

ኖራ፣ ጄሶና ሌሎች

ጄሶ ከሁሉም በአነስተኛ ሙቀት የሚገኝ ነው፤ የጂፕሰም ድንጋይ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን አብዛኛውን ውሃ ያጣል፣ ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ላዩ ልሙጥና ነጭ ስለሆነ ለውስጥ ግድግዳና ለኮርኒስ ይመቻል። ነገር ግን ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ በውጭ ግድግዳና ውሃ በሚረጭበት ቦታ አይደረግም። ወጥ ቤታቸውን ወይም መታጠቢያ ቤታቸውን የሚያድሱ ሰዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ጄሶ በተቀባ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ በሲሚንቶ አይለጠፍም። እርጥበት ሲገባ ጂፕሰሙና ሲሚንቶው ተዋህደው መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ አዲስ ማዕድን ይፈጥራሉ፣ እሱም ሴራሚኩን ከግድግዳው ገፍቶ ይጥለዋል። ጄሶው እስከ ሲሚንቶ ልስኑ ድረስ ተፍቆ መነሣት አለበት።

ኖራ የሚጠነክረው በአየር ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል፤ በውሃ በርዶ ግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ ያንኑ ጋዝ ከአየር ላይ እየወሰደ በዝግታ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትንም ወደ ውጭ ያስተነፍሳል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገነቡት የጎንደር ቤተ መንግሥቶች የቆሙት በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገላቸው ጥገና ከጥንቱ ግንብ ጋር የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ የተካሄደው እድሳት ወደ ኖራ ተመልሷል። የጭቃ ቤት ያለው ሰውም ከዚህ መማር ይችላል፤ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲደረግ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል፣ በክረምትና በበጋ መለዋወጥም ጭቃው ሲያብጥና ሲሸማቀቅ እሱ አብሮ ስለማይንቀሳቀስ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ይወድቃል። ለጭቃ ቤት ኖራ ወይም ኖራ የበዛበት ልስን ይሻላል።

ብሎኬትና የሸክላ ጡብ በግድግዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ እንጂ ብሎኬት የሲሚንቶ፣ ጡብ ደግሞ የእሳት ወገን ነው። ስለዚህ ትኩስ ብሎኬት ውሃ እንዲጠጣ ይደረጋል፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም ሳይቆይ መገንባት የለበትም፤ ከደረት ከፍታ ሲለቁት የሚበታተን ብሎኬት ሲሚንቶ አንሶታል። ጡብ ግን ውሃ የሚያስፈልገው ከመገንባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የቡኮውን ውሃ እንዳይመጥ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ለክፍል መከፋፈያ የሚውለው አግሮስቶን በማግኒዥየም ውህድ የሚያያዝ ሰሌዳ ስለሆነ እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ መቁጠር አይገባም፤ ከዘላቂ እርጥበት ይራቅ።

ቴራዞ ከሚገባው በታች የሚገመት ዕቃ ነው። ሲሚንቶ ከእምነበረድ ስብርባሪ ጋር ተቦክቶ ከጠነከረ በኋላ በማሽን እየተፋቀ የሚለሰልስ በመሆኑ፣ ሲያረጅ እንደገና ተፍቆ ሊታደስ ይችላል፤ ሴራሚክ ይህ ዕድል የለውም፣ መስታወታማው ሽፋን ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ብዙ እግር ለሚረግጠው በረንዳና ደረጃ ከርካሽ ሴራሚክ ይልቅ ጥሩ ቴራዞ እመርጣለሁ። ቴራዞና እምነበረድ ግን የጋራ ድክመት አላቸው፦ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ማንኛውም አሲድ የነካው ቦታ ወዲያው ይደበዝዛል።

ማጽዳትና መጠገን

አብዛኛው አሲድ ሴራሚኩን አይጎዳም፤ በመጋጠሚያው ያለውን ሲሚንቶ ግን ይበላል። አንጣፊዎች ሥራ ሲጨርሱ የሲሚንቶ ቅሪት ለማስለቀቅ አሲድ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ካስፈለገ በብዙ ውሃ ቀጥኖ፣ መጋጠሚያው አስቀድሞ በውሃ ረጥቦ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት። ለየዕለቱ ጽዳት ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ለሁሉም ዓይነት ወለል ይስማማል። አሲድና በረኪና በምንም ሁኔታ አይቀላቀሉ፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰውም ጓንትና ቦት ጫማ ያድርግ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚያቃጥል ነው፣ ሕመሙም የሚሰማው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሴራሚክና ብሎኬት በማሽን ሲቆረጥ ውሃ እየተረጨበትና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሁን፤ በብናኙ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ሥራ ሲጠገን አሮጌው ገጽ ሸካራ ተደርጎ፣ አቧራው ታጥቦና ረጥቦ፣ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ከተቀባበት በኋላ አዲሱ ቡኮ ይደረግበታል፣ ከዚያም እንደ አዲስ ሥራ ውሃ ይጠጣል። ስንጥቁ ከምሶሶ ወይም ከጣሪያ አርማታ ላይ ከሆነ፣ የፌሮ ዝገት ቀለም ከታየበት ወይም እየሰፋ ከሄደ መሐንዲስ ሳያየው አይለሰንበት። የተሰበረ ሴራሚክ ግን አይጠገንም፣ ይቀየራል። በዙሪያው ያለው መጋጠሚያ በመቁረጫ ተከፍቶ፣ ሴራሚኩ ከመሀሉ ወደ ጠርዙ እየተሰበረ ይወጣል፤ ከጠርዝ መጀመር የጎረቤቱን ሴራሚክ ይሰብራል። የታችኛው አሮጌ ማጣበቂያ አዲሱ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው እኩል እንዲቀመጥ እስኪበቃ ድረስ ተፍቆ ይነሣል። ለዚህ ቀን እንዲሆን ከመጀመሪያው ግዢ አንድ ካርቶን ሳይከፈት፣ የቀለምና የመጠን መለያው የታተመበት ጎን እንዲታይ ሆኖ፣ በቆመበት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።